ቅቤ የጠጣ ገመድ

ሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው የልብስ ማስጫውን ገመድ ነው። ሌላው ሰው ምንጣፍ ያያል፣ ቴሌቪዥን ያያል፤ እኔ ገመድ። ገመዱ የረገበ ቤት፣ ባልና ሚስት ተኳርፈዋል ማለት ነው። በሽቦ የሚያሰጣ ቤት ደግሞ ንፉግ ነው፤ የራሱን ነጠላ ለዝገት የሰጠ ሰው ለእንግዳ ምን ያዝናል? ሳቁ፣ ሳቁ። እኔም ሰፈሩን የማስቀው በዚሁ ነው።

የኔን ማስጫ ያየ ግን ሳቁን ትቶ ይጠይቃል። ሰማያዊ ነው፤ ቢጫ ዝንጉርጉር አለው፤ ውፍረቱ የትንሿን ጣት ቢያህል ነው። ብርድ ልብስ ውሃውን እንደያዘ ብትጥሉበት ንቅንቅ አይልም። «እትዬ አስካለ፣ ይሄን ከየት አገኘሽው?» ይሉኛል። ለነጋዴው «የውጭ ዕቃ ነው» እላለሁ። ለቄሱ ዝም እላለሁ። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ፤ ሃምሳን ተሻግሬያለሁ፣ ደም ግፊትም ጀምሮኛል፣ ይህን ነገር ይዤው መቀበር አልፈልግም።

እኔ የቅቤ ነጋዴ ነኝ። ከሺሺንዳ ገበያ አምጥቼ ቦንጋ እሸጣለሁ። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ ሦስተኛን ሁለት ጊዜ ስለተማርኩት ግን አራተኛን እንደጨረስኩ ነው የምቆጥረው። ልጅ አልወለድኩም። ወለላ አለችኝ፣ የወንድሜ ልጅ።

ወንድሜ ማር ቆራጭ ነበር። በኛ አገር ቀፎ የሚሰቀለው ጫካ ውስጥ፣ አንገት ቀና ብሎ የማይጨርሰው ዛፍ ላይ ነው። ሰውየው በጠፍር ራሱን ከግንዱ ጋር አስሮ እየተሳበ ይወጣል። ጠፍር ቆዳ ነው፤ ቅቤ ካልጠጣ ይደርቃል። የደረቀ ጠፍር ደግሞ እንደ ፈሪ ጓደኛ ነው፤ ጭንቅ እስኪመጣ ድረስ ደህና ይመስላል። አባታችን ማር ሊቆርጥ ሲል ሁልጊዜ ጠፍሩን በቅቤ ያሸው ነበር። እያሸ ያናግረዋል፤ «ልጅ አለኝ፣ እንዳታዋርደኝ» ይለዋል። ወንድሜ አንድ ዓመት ቸኮለ፤ ጠፍሩን ሳያሽ ወጣ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የኛን ግን የሚለቅም አልተገኘም። ወለላ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ ወደ ዘመዶቿ ወደ ቢታ ገነት ሄደች፤ ልጅቷ ለትምህርት እኔ ዘንድ ቀረች። እኔ ነኝ ያሳደግኳት።

ኋላ ስፖርት ተምራ አዲስ አበባ ሥራ ያዘች ሲባል እኔ ኳስ መስሎኝ ነበር። ለካ ልጅቷ ገደል ነው የምትወጣው! ሚሊኒየሙ አልፎ «አንድ ለአምስት ተደራጁ» በሚባልበት ሰሞን፣ ጆንያ የሚያህል ቦርሳ ተሸክማ ቤቴ ገባች። ከፈተችው። ገመድ። የብረት ቀለበት። ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የሚወተፉ ትናንሽ ብረቶች። ቀበቶ። ሁለት ሄልሜት። ሁለት ምን ያደርግልሻል፣ ስንት ራስ ነው ያለሽ ብላት፣ አንደኛው ያንቺ ነው አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኬንያ ውስጥ በረዶ የለበሰ ተራራ አለ። ጫፉ አፈር አይደለም፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ድንጋይ ነው። ከየአገሩ የተጠሩ ሴቶች አብረው ሊወጡት ነው፤ ከኛ አገር አንድ ሴት ትፈለጋለች፤ ወለላን ጠይቀዋታል። ግን እንዲሁ አይደለም። ሳሙኤል የሚባል አሰልጣኝ ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ ረጅም ገደል ላይ ራሷ እየመራች ስትወጣ በዓይኑ ዓይቶ «ትችላለች» ማለት አለበት። ሦስት ወር ነው የቀራት። ገደል ቦንጋ ሞልቷል፤ የጠፋው ገመድ የሚይዝላት ሰው ነው። ሰፈሩ ጎረምሳ በጎረምሳ አይደለም እንዴ አልኳት። ጎረምሳ ሞባይሉ ሲጠራ ይለቃል አለችኝ፤ እኔ የምፈልገው የያዘውን የማይለቅ ሰው ነው።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀት እንዳልሆንኩ ታዩኛላችሁ።

ገደሉ ወደ ማንኪራ በሚወስደው መንገድ፣ ከጫካው ጀርባ ነው። ጉድ ነው የገጠመን፤ ገመዱ ስልሳ ሜትር፣ ገደሉ የገመዱን ሁለት እጥፍ አልፎ ሄዷል። ታዲያ እንዴት ይወጣል? በፌርማታ! እሷ ፌርማታ አትለውም፤ ፌርማታ ያልኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ እሷ ትወጣለች፤ እየወጣች በየስንጥቁ ብረት ወትፋ ገመዷን ታሳልፍበታለች። ገመዱ ሊያልቅ ሲል ጥሩ ቦታ ፈልጋ ራሷን ከድንጋዩ ጋር ታስራለች፤ ያ አንደኛ ፌርማታ ነው። ከዚያ እሷ ከላይ ትይዘኛለች፣ እኔ ብረቶቹን እየነቀልኩ፣ ቡና እንደሚለቅም ሰው በወገቤ እያንጠለጠልኩ እከተላለሁ። ደርሼ እታሰራለሁ። እሷ ደግሞ ከዚያ ትቀጥላለች። ሦስት ፌርማታ ስትደርሱ ሰማይ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያለው ሰው ገደል ሳይወጣ አልቀረም።

ቋጠሮው ስምንት ቁጥርን ነው የሚመስለው። በአንድ ቀን ቻልኩት። ሦስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ የተማረ ሰው ስምንት ቁጥርን ያውቃል፣ ምን መሰላችሁ!

ያስቸገረኝ መያዙ ነው። ገመዱ ወገቤ ላይ ባለ ብረት ውስጥ ያልፋል። ቀኝ እጄ ከገመዱ ላይ ለዝንብ እንኳ አይነሳም። እሷ ከድንጋዩ ስር ቆማ «ያዝሽኝ?» ትላለች። «ይዤሻለሁ!» እላለሁ። «ልውጣ?» ትላለች። «ውጪ!» እላለሁ። ይህን ሳይባባሉ አንድ እርምጃ የለም። ብትወድቅ ገመዱን ወደ ታች እስባለሁ፣ ብረቱ ነክሶ ያስቀራታል። ይሄ ቀላል ነው። ከባዱ ሌላ ነው፤ እሷ ወደ ላይ ስትሄድ እኔ ገመድ መስጠት አለብኝ። ካልሰጠኋት ወደ ኋላ ትሳባለች። «አክስቴ፣ ገመድ ስጪ!» ትለኛለች። እሰጣለሁ። «ገመድ ስጪ እንጂ!» መያዝ ግማሹ ነው፣ ሌላው ግማሽ መስጠት ነው እያለች በየቀኑ ታስተምረኛለች። እኔ ደግሞ ቅቤ ስሸጥ እንኳ ጨምሪ ሲሉኝ የሚያመኝ ሰው ነኝ።

ወሬው ቦንጋ ለመድረስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። ሊቀመንበሩ ቀበሌ አስጠራን። ሁለት ሴቶች ጫካ ውስጥ በገመድ ነገር እየሠሩ ነው የሚል ጥቆማ ደርሶናል አለ። ወለላ አስረዳችው፤ ተራራ፣ ኬንያ፣ በረዶ። እሱ እየጻፈ፣ በጥቃቅንና አነስተኛ ነው የተደራጃችሁት? አለ። አይደለም አልነው። አንድ ለአምስታችሁስ? እኛ አንድ ለአንድ ነን አልኩት፤ አንዷ ትወጣለች፣ አንዷ ትይዛለች። ሦስተኛ ቢጨመርብን ገመዱ አይበቃም። ብዕሩን አስቀምጦ በጣም አሰበ። በመጨረሻ ልምዱን ቀምረን ለዞን እንልከዋለን አለን። ሳይልከው ቀረ መሰለኝ፣ ማንም አልጠየቀንም።

ሱቅ ያለው ጎረቤቴ ጋሽ ከድር ደግሞ ሳልፍ ሲያይ፣ «አስካለ፣ ዛሬስ ገነት ደረስሽ?» ይለኛል። በር ላይ ዘበኛው ክብደቴን ዓይቶ መለሰኝ እለዋለሁ። በቀሚሴ ስር ሱሪ ለብሼ፣ ሄልሜቴን እንደ ድስት በክንዴ አንጠልጥዬ በአደባባይ ሳልፍ ማን ይቻለኝ! ማኅበርተኞቼ ያሙኛል። ይሙኝ! ከነሱ ውስጥ የንስርን ጀርባ ከላይ ያየች አለች? እኔ አይቻለሁ።

አዎ፣ ወጥቻለሁ። በአምስተኛው ሳምንት ሦስቱንም ፌርማታ ወጣሁ። ሰማንያ ሁለት ኪሎዬን ይዤ! ሁለተኛው ፌርማታ ላይ አለቀስኩ፤ ሦስተኛው ላይ ዳዊት ደገምኩ፤ የማላውቀውን ዳዊት። ጫፉ ላይ ስደርስ ጫካው ከስሬ እንደ ጎመን ማሳ ተዘርግቷል፤ የቦንጋ ቆርቆሮ በሩቁ ያብለጨልጫል። እልልታዬን ለቀቅሁት። ወለላ አቅፋኝ፣ አባዬ እንዲህ ያይ ነበር አይደል? አለችኝ። ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እዚህ ላይ ባቆም ምን ነበረበት?

በሳምንቱ ወደቀች።

ብዙ አይደለም፣ የአንድ ሰው ቁመት ቢሆን ነው። እግሯ ከዳት፣ ድንጋዩን ለቀቀች፣ እኔን ገመዱ ከመሬት አነሳኝ። ይዤ ነበር። ያዝኳት። እሷ እዚያ ላይ ተንጠልጥላ ትስቃለች፤ «አክስቴ፣ ጎበዝ! በረርሽ እኮ!» ትለኛለች። እኔ አልሳቅሁም። የታየኝ ወንድሜ ነው፣ ዛፉ ስር ሆኖ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እጄ ተበላሸ። መያዙን ሳይሆን መስጠቱን። «ገመድ ስጪ!» ትላለች፣ እኔ ክንድ ስትፈልግ ስንዝር እሰጣለሁ። አንድ ቀን ከመሀል መንገድ ወረደችና እጄን በእጇ ይዛ፣ በካፊኖኖ፣ በልጅነታችን ቋንቋ፣ ፈርተሻል? አለችኝ። በፍጹም አልኳት። የቅቤ እጅ ስለሆነ ነው፣ ያዳልጠኛል አልኳት። ሳቀች። እንግዲህ ስታስቁ የኖራችሁ ሰዎች ይህን ታውቁታላችሁ፤ ሰው ከሳቀ በኋላ አይጠይቅም።

ሳሙኤል ቅዳሜ ሊመጣ፣ ወለላ ረቡዕ እናቷን ልትሰናበት ቢታ ገነት ሄደች። ገመዱን እንደ ወትሮው በቆርቆሮ ሣጥኑ ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን ሰጠችኝ። ሐሙስ ከገበያ መልስ ሣጥኑን ከፈትሁት። እንዲሁ ልዳብሰው ነበር። ዳበስኩት፤ ደረቀብኝ። በገደሉ አቧራ ሻክሯል። ደረቀ የሚለው ቃል በጭንቅላቴ ሲመጣ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር አልሰማሁም። አንድ ኪሎ ለጋ ቅቤ አወጣሁ። ስልሳ ሜትሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ አባቴ ጠፍሩን እንደሚያሸው፣ አሸሁት። አናገርኩትም፤ «ልጅ አለኝ፣ እንዳታዋርደኝ» አልኩት። ሲመሽ ክንዴ ዝሎ ነበር። ገመዱ ግን እንደ ሙሽራ ፀጉር ወዛ!

ይህን ለሰው ሳወራ እንዲህ ነው የምለው፦ ልጅቷ ገመድ የሚጠላውን ስትነግረኝ ስለት፣ ፀሐይና ዘይት ብላለች፤ ቅቤ የሚባል ስም አልጠራችም፤ እኔ በምን ልወቅ? ሰው በሳቅ ይሞታል። እናንተም ሳቃችሁ አይደል?

ቅዳሜ ሳሙኤል መጣ። ቀጭን፣ ጨዋ ልጅ ነው። ገመድ አላችሁ ስለተባለ እጁን እያወዛወዘ ነው የመጣው። ወለላም ከቢታ ገነት ዓርብ አምሽታ ገብታ፣ ገና ሣጥኑን አላየችም። ገመዱ የታለ አለች። አመጣሁት። ሳሙኤል ተቀበለኝና በሁለት ጣቱ እያሳለፈ መፈተሽ ጀመረ። ጣቱን አሸተተ። እንደገና አሸተተ። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። አይጥ በልታዋለች። ትንሽ ሄደ፣ ቆመ። እዚያም በልታዋለች። ከጫፍ ሲደርስ አምስት ቦታ ተነክሷል፤ ሰማያዊው ልብስ ተገልጦ የውስጡ ነጭ ክር እንደ ጥርስ ወጥቶ ይታያል።

ቅቤ ብቻ ቢሆን ይታጠብ ነበር አለ ሳሙኤል፣ እንዳያስቀይመኝ እየተጠነቀቀ። ይሄን ግን ምን አደርገዋለሁ? ሌላ ገመድ? ቦንጋ ውስጥ ያ ዓይነት ገመድ የለም። አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ አራት ቀን ነው፤ ስሟ ደግሞ ለጠሯት ሰዎች ሰኞ መድረስ አለበት። ጋሽ ከድር ሰምቶ የአይሱዙ መጫኛ ገመድ ተሸክሞ እየሮጠ መጣ፤ አሥር ኩንታል ቡና ይይዛል፣ አንዲት ልጅ ያቅተዋል? አለ። ሳሙኤል ትከሻውን አቅፎ አመሰገነው። ወለላ አላለቀሰችም። ባለቀሰች ኖሮ።

አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። «አክስቴ፣ ሣጥን ውስጥ ቆልፌው አልነበረም እንዴ?»

«ቅቤው ሣጥኑን እንዳያበላሽ ብዬ ነው» አልኳት።

ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ «እሺ» አለች።

አሁን ቀልዱን አቁሜ ልንገራችሁ። ከቀባሁት በኋላ ወደ ሣጥኑ አልመለስኩትም። በወንፊት ከድኜው ሳሎን ባኖረው ይደርቅ ነበር፤ እዚያም አላኖርኩትም። ወስጄ ጓዳ፣ የቅቤ ቅሎቹን ከማኖርበት መደብ ስር አኖርኩት። ቅሎቹን በድንጋይ ከድኜ፣ እሱን ሳልከድነው። ሃያ ዓመት ቅቤ የነገደች ሴት አይጥ የት እንዳለች አታውቅም? አባቴ ያሸው የነበረው ለጠፍሩ ብሎ ነው። እኔ ያሸሁት ለማን ነበር? እጄ ወንድሜን ሲያድን፣ እግሬ ወደ ጓዳ ሲሄድ፣ ሁለቱም የኔ ነበሩ። ሆን ብዬ ነው አልልም። ሳላስበው ነው ማለትም አልችልም። በመሀል ያለውን ነገር ምን እንደሚሉት ሦስተኛ ክፍል አላስተማሩንም፤ ሁለተኛ ጊዜ ስደግመውም አላስተማሩንም።

በወሩ ፎቶ ተላከላት። በረዶ ላይ የቆሙ ሴቶች፣ ፊታቸው በፀሐይ ተለብልቦ፣ ጥርሳቸው ብቻ ይታያል። በሷ ምትክ ሌላ ሄዳለች። ወለላ ለረጅም ጊዜ አየችውና ለኔ ሰጠችኝ። «በዚህ ብርድ አያሳዝኑም?» አልኳት። አሁን ይሄ ይባላል? እንደዚያ ነው ያልኩት።

ከዚያ ራሷ ቢላዋ አምጥታ ገመዱን አይጥ በበላበት በበላበት ቆረጠችው። አንዱን ቁራጭ ለጋሽ ከድር ለሱቁ ሸራ ሰጠችው። አንዱን ሊቀመንበሩ ለበሬው ወሰደው። አንዱ ለጉድጓድ ባልዲ ጎረቤት ሄደ። የልጅቷን ተራራ ሰፈሩ ተከፋፈለው፤ ምስጋናው ብቻ በረከተ። ረጅሙን ግቢዬ ውስጥ ከግራሩ እስከ ማዕዘኑ ወጥራ አሰረችልኝ፣ በስምንት ቁጥር። ይኸው እስከ ዛሬ አልላላም። እርጥብ ብርድ ልብስ ስጥልበት ምን እንደምል ታውቃላችሁ? ይሄ ገመድ ይችላት ነበር፣ እላለሁ።

አዲስ አበባ አልተመለሰችም። እዚሁ የስፖርት መምህር ሆነች። ደግ ባል አገባች፣ ወለደች፤ ቤቷ ከቤቴ በሁለት አጥር ነው። ስታመም እሷ ናት የምትሮጠው። ማኅበርተኞቼ አሁን አያሙኝም፣ ይቀኑብኛል፤ አስካለ ሳትወልድ ጧሪ አገኘች ይላሉ። እውነት ነው፣ አገኘሁ። ወለላ ቅሬታ ያላት ሴት አይደለችም። ትስቃለች፣ ታስቃለች። አንዳንዴ ብቻ፣ ልብስ ስታሰጣ፣ ገመዱን በሁለት እጇ ይዛ ክብደቷን ትጥልበታለች። ለአፍታ ነው። ከዚያ መቆንጠጫውን ትቀጥላለች።

ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስታልፍ ከበር ላይ ትጣራለች፣ ደም ግፊቱ አድሮ ጥሎኝ እንዳይሆን።

«አክስቴ! አለሽ?»

እኔም ከውስጥ፣ ድሮ ከገደሉ ስር እንደምጮኸው፣ «ይዤሻለሁ!» ብዬ እጮኻለሁ።

እየሳቀች ትሄዳለች። እኔ ግን እውነቴን ነው።